ከመኪናዎ ሥር ገጭ ገጭ የሚለው ምንድን ነው?

ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልቱ ላይ እስካለሁ ድረስ አሮጌዋ ኮሮላዬ ምንም አትልም ነበር። ሮቤ ደርሼ ከዋናው መንገድ ወጥቼ የሰፈሩን ኮረኮንች ስጀምር ግን ከፊት በግራ በኩል «ገጭ» ትላለች፤ ጠጠሩ ሲበዛ ደግሞ «ገጭ ገጭ ገጭ»። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የፊት ጥጓን በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ለቀቀና «ሾኩ ሄዷል» አለኝ። ሁለቱን የፊት ሾክ አብዞርበሮች ከአዲስ አበባ አስልኬ አስቀየርኩ። ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ፣ በሩ ላይ ያለችውን ጉድጓድ እንደተሻገርኩ ያው ድምፅ ተቀበለኝ።

ጥፋተኛዋ ኋላ ስትገኝ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ፣ በሁለት ጫፏ ኳስ ያላት ቀጭን ዘንግ ሆነች። ስታቢላይዘር ሊንክ ይሏታል። ዋጋዋ ከሁለት ሾክ ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አይደለም። ከገንዘቡ በላይ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን «ድምፁ የሚመጣው መቼ መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ተጠይቄ ብመልስ ኖሮ ዕቃዋ በዚያው ትታወቅ ነበር።

አሠራሩን ላስቀድም። የመኪናው ክብደት ያረፈው በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ነው። ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ሞላው መዝለሉን እንዳያበዛ ሾክ አብዞርበሩ ይይዘዋል። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ ደግሞ ክንዶች ከመኪናው አካል ጋር ያስሩታል፤ መካኒኮች «አርም» ይሏቸዋል። ክንዱ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በጎሚኒ፣ ከጎማው በኩል የሚገናኘው በቦልጆይንት ነው። ጎሚኒው ላስቲክ ነው። ቦልጆይንቱ በቅባት ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ ናት። ላስቲኩ ሲቀደድ ወይም ቅባቱ ደርቆ ኳሷ ስትበላ በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ ብረት ከብረት የሚጋጨው በዚያ ክፍተት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት እንኳ እስከ ሾፌሩ ጆሮ ድረስ ይሰማል።

ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው የቀሩ ቃላት ናቸው። ባለመኪናው ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል። «ከሥር ተሠራ» የሚል ደረሰኝ ተቀብሎ ከመሄድ፣ የትኛው ጎሚኒ በየትኛው በኩል እንደተቀየረ በስሙ ጠይቆ አሮጌውን በእጅ ይዞ ማየት ይሻላል።

የባሌ ደጋ ለእነዚህ ላስቲኮች የሚራራ አገር አይደለም። በሮቤና በሲናና ሜዳ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ገበሬው «ገና» እና «ቦና» ብሎ ሁለቴ ያመርታል፤ መኪናውም ሁለቴ ጭቃ ይገባል። ጥቁሩ አፈር ክንዶቹ ላይ ይለጠፍና ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የቦልጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን የተሰነጠቀ እንደሆነ ደግሞ ጭቃው ከቅባቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፍቃል። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ ነገሩ ሌላ ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አምባውን አቋርጦ ወደ ሪራ፣ ከዚያም በሐረና ደን ውስጥ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ አንዱን ላስቲክ በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ያስገባዋል። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጎባ ላይ ንጋት ሲጢጥ ያለው ጎሚኒ ደሎ መና ሲደርስ ዝም ቢል ተሻለው ማለት አይደለም። ምርመራውን ድምፁ በሚሰማበት ሰዓትና ብርድ ያድርጉት። ከሰዓት በኋላ ሞቆ የመጣ መኪና ላይ ጠዋት የነበረውን ድምፅ የሚፈልግ መካኒክ ላያገኘው ይችላል።

ከሁሉ በፊት የጎማ ብሎኖችን ያጥብቁ። ይህን ያስቀደምኩት ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሞትበት ስለሆነ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ተጠግኖ ከተመለሰ በኋላ የመጣ ድምፅ፣ በተለይም ከጎማው ዙረት ጋር እየፈጠነ እየዘገየ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ሳያስቡ ዳር ይዘው ይቁሙ። በአብዛኞቹ ቶዮታዎች ቁልፉ 21 ቁጥር ነው። ጎማ በተፈታ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ አንዴ ደግሞ ማጥበቅ ልማድ ይሁን።

ቀጥሎ የዕቃ ማስቀመጫውን ይክፈቱ። ያልታሰረ ክሪክ ወይም የላላ ትርፍ ጎማ ልክ እንደ ተበላ ቦልጆይንት ገጭ ይላል። ማርሚታው ሲቀዘቅዝ በእጅ ገፋ ያድርጉት፤ ማንጠልጠያ ላስቲኩ ከተበጠሰ ከወለሉ ብረት ጋር ይማታል። ባትሪውም መታሰሩ ይታይ። እነዚህን ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ምንም ዕቃ አያስገዛም።

አሁን «መቼ?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። ችግሩ ድምፅ በብረት ውስጥ መሄዱ ነው፤ ከፊት ቀኝ የተነሳው ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከኋላ የተነሳው ከመሃል የመጣ ሊመስል ይችላል። የሚመጣበትን ጊዜ ግን ጆሮ በደንብ ይይዛል። ጉድጓድ ላይ ነው? ፍሬን ሲያዝ? መሪ ሲዞር? ሲነሳ? ባዶ ሲሆን ወይስ ሲጫን? ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ቀን እነዚህን ብቻ ልብ ብለው ያዳምጡ፤ ቢችሉ በወረቀት ይያዙት። ሬዲዮ ተዘግቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በግንብ አጥር ጥግ ቀስ ብሎ መንዳት ይረዳል፤ ግንቡ ድምፁን ይመልስልዎታል።

በጠጠርና በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ በዝግታ ሲሄዱ የሚመጣ ቀላልና ተደጋጋሚ ገጭታ ከሆነ ስታቢላይዘር ሊንኩን ወይም የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ ይጠርጥሩ። ይህንን የሚያረጋግጥ፣ መፍቻ እንኳ የማያስፈልገው ሙከራ አለ። ስታቢላይዘር ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ ወፍራም ዘንግ ነው፤ ሥራው መኪናው ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን እንዳይተኛ መያዝ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዘንጉ አብሯቸው ይነሳል እንጂ አይጠመዘዝም። አንዱ ብቻ ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል፤ ሊንኩንም ይጎትታል። እንግዲህ የመንገድ ብሬከር ይፈልጉና በሁለቱም የፊት ጎማ እኩል፣ ቀጥ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ይለፉ። ከዚያ ተመልሰው በአንድ ጎማ ብቻ ይለፉበት። በመጀመሪያው ዝም ብሎ በሁለተኛው ገጭ ካለ ጥርጣሬው ወደ ስታቢላይዘሩ ያዘነብላል። የእኔዋ ኮሮላ ይህንን ፈተና አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ትወድቅ ነበር።

ሊንኩን በእጅ ሲፈትሹ መኪናው በአራቱም ጎማው መሬት ላይ ይቁም። አንዱ ጎማ በክሪክ ከተነሳ ዘንጉ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀችው ኳስም ደህና ትመስላለች። ብዙ ጊዜ «አይተነዋል፣ ደህና ነው» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፍሬን ሲይዙ አንድ «ገጭ»፣ ሲነሱ ደግሞ አንድ «ገጭ» ካለ የክንዱ ጎሚኒ ተቀዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጎማው በፍሬን ጊዜ ወደ ኋላ፣ በመነሳት ጊዜ ወደ ፊት ይሸሻል። ሜዳ ቦታ ላይ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ከጎን ጎማውን እያየ፣ እርስዎ ትንሽ ወደ ፊት ሄደው ፍሬን ይያዙ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደው ይያዙ። ጎማው ከመከለያው ጋር ያለው ርቀት ሲለዋወጥ በዓይን ሊታይ ይችላል። የላላ የፍሬን ፒንሳም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። በአውቶማቲክ መኪና የሞተር ጎሚኒን ለመለየት ደግሞ ፍሬን አጥብቀው ረግጠው፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ማርሹን ወደ ኋላና ወደ ፊት ያስገቡ፤ በዚህ ጊዜ ጎማው አልዞረም፣ ከሥር የተጎተተ ክንድም የለም፤ ያም ሆኖ ገጭ ካለ ሞተሩ ነው የተወዛወዘው።

ቆመው መሪ ሲያዞሩ የሚሰማ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው ሾኩ ከላይ የሚያርፍበትን ቦታ በእጅ ይያዙ፤ ሌላ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ያዙር። እዚያ ያለው ኩሽኔታ ከተበላ ሞላው ይታነቅና በድንገት ሲለቅ እጅ ላይ ይሰማል። የተሰበረ ሞላም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ከታች የመጨረሻው ዙር ላይ ጭቃ ተሸፍኖ ስለሚሆን በውኃ ታጥቦ ይታይ። መሪ ሙሉ ለሙሉ አዙረው ሲነሱ በእኩል ልክ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚለው የሲቪ ጆይንት ነው። በኋላ እግር በሚነዱት ላይ ማርሽ ገብቶ ሲነሳ ከመሃል «ቋ» የሚለው ክሮቸራው ነው። ሁለቱም ከዛሬው ጉዳያችን ውጭ ናቸው።

ሾክ አብዞርበርን በተመለከተ ለመካኒኮቻችንም ለባለመኪናውም የምለው አለኝ። የደከመ ሾክ መኪናውን ያወዛውዛል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ይደፋዋል፣ ጎማውን እየዘለለ ይበላዋል፤ በአብዛኛው ግን አይጮኽም። ጥጉን ተጭኖ መልቀቅ የሚነግረው ማወዛወዙን ብቻ ነው፤ ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ከተወዛወዘ ሾኩ ደክሟል። የሾኩ የላይና የታች ጎሚኒ ሲበላ ወይም ውስጡ ሲሰበር ነው የሚገጨው። በዘይት የረጠበ ሾክ ይቀየር፤ ይህ አያከራክርም። ደረቅና ጥብቅ ሾክ ግን በግምት አይፈታ። የእኔዎቹ አሮጌዎች ሲፈቱ ደረቅ ነበሩ፤ ያኔ ማየት አላወቅሁበትም።

በአንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ ከባድ «ድም» ደግሞ ሌላ ነው። ክንዱ ወይም አክስሉ መጨረሻው ላይ ደርሶ የላስቲክ መቆሚያውን ሲመታ ነው። በተለይ መኪናው ተጭኖ ሲሆን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሞላው ወይም ባሌስትራው ረግቧል፤ አለበለዚያም ጭነቱ በዝቷል።

አሁን ክሪኩን እናውጣ። የሮቤ ጥቁር አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል፤ ሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረግ፤ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አካልዎን በፍጹም አያስገቡ፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሌለ ሥራው ይቅር። ጎማው ሲነሳ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ከዚያ በግራና በቀኝ ይዘው ይድገሙት። ከላይና ከታች ሲያዝ ከተንቀሳቀሰ ቦልጆይንት ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። በግራና በቀኝ ብቻ ከሆነ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ታይሮድ ወይም ራሱ መሪው ነው። ኩሽኔታውን ከቦልጆይንቱ ለመለየት ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ እንቅስቃሴው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ ወይም ጎሚኒው።

ክሪኩ የት እንደሚቀመጥ ለውጤቱ ወሳኝ ነው። ክብደት የተሸከመ ቦልጆይንት ተጨንቆ ስለሚቀመጥ ክፍተቱን አያሳይም። ኮሮላንና ቪትዝን በመሰሉ ትናንሽ መኪኖች ክሪኩን ከአካሉ ሥር አድርጎ ጎማውን ማንጠልጠል ይበቃል። ሁለት ክንድ ባላቸው፣ በሃይሉክስና በሚኒባሶቹ ላይ ግን ክሪኩ ክብደት የሚሸከመው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ መግባት አለበት።

አንድ ማለዳ ጎባ ውስጥ ይህ ሲደረግ ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ደሎ መና የሚሄድ ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ «ትንሽ ገጭ ትላለች» ብሎ ነው ያቆመው፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ወጣቱ መካኒክ ክሪኩን ከክንዱ ሥር አስገብቶ ጎማውን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል አነሳው። ረጅም ብረት ከጎማው ሥር ሰደደና ወደ ላይ ገፋ። «ቀጭ።» ለቀቀው። «ቀጭ።» ሌላኛውን እጁን ቦልጆይንቱ ላይ አድርጎ ሦስተኛ ጊዜ ገፋና የሾፌሩን እጅ ጎትቶ በእሱ እጅ ቦታ አስቀመጠው። ሾፌሩ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ።

«ልጄ፣ አይሄድም እንዴ?» አሉ አንድ አዛውንት።

«አባቴ፣ ሳነቴን ይወጣ ይሆናል። የሪራን ቁልቁለት ግን በዚህ ጎማ አይወርዱም።»

ልክ ነበረ። ቦልጆይንት ሲበጠስ ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፤ መሪ አይታዘዝም። በብዙ መኪኖች የሚበጠሰውም ከባድ ጫና ሲመጣበት፣ ማለትም በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቦልጆይንት፣ ታይሮድና የጎማ ብሎን ከሆነ መኪናው ከተገኘበት ቦታ አይንቀሳቀስ። ስታቢላይዘር ሊንክ ከሆነ ቀስ እያሉ ቤት መድረስና ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል፤ መኪናው በኩርባ ላይ ከወትሮው የበለጠ እንደሚያዘነብል ብቻ ይታሰብ። የተቀደደ የክንድ ጎሚኒ በመሃል ነው፤ ከጎባ ሮቤ ቀስ ብሎ ያደርሳል፣ ሳነቴን ለማቋረጥ ግን አይታመንም።

ስንዴ ጭኖ ከአጋርፋና ከጋሰራ የሚመላለሰው አይሱዙ፣ የሚኒባሶቹም የኋላ እግር፣ በባሌስትራ ላይ ነው የቆመው። እዚያ ፍለጋው አጭር ነው። የባሌስትራው ጫፍና ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ሲበሉ ባዶ መኪና ይጮኻል፤ ሲጫን ክብደቱ ስለሚይዘው ዝም ይላል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ትልልቅ ብሎኖች ከላሉ የመሃሉ ብሎን ብቻውን ይቀርና ይቆረጣል፤ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እየተነዳ ጎኑን ሰጥቶ ሲሄድ ከኋላው ያለ ሾፌር ያየዋል። ዋናው፣ ማለትም የላይኛው ቅጠል ከተሰበረም እንደ ቦልጆይንቱ ነው፤ አይነዳም። የዝገት መስመር ወይም አዲስ የተፋቀ፣ የሚያበራ ብረት በቅጠሎቹ መካከል ከታየ የሚንቀሳቀሰው ቦታ እዚያ ነው።

ሲጢጥታን ለማጥፋት የተቃጠለ ዘይት ከሥር የመርጨት ልማድ አለ። ድምፁን ለጥቂት ቀን ያጠፋዋል፤ ላስቲኩን ግን ያሳብጠዋል፣ ያበሰብሰዋል። ሲጢጥ የሚለው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ እያረጠቡ መኪናውን ያወዛውዙ፤ ሲረጥብ ዝም ያለው እሱ ነው።

ዕቃው ታወቀ እንበል። ሊንክና ሾክ በጥንድ ይገዛል፤ አንዱ ካለቀ ሌላው አብሮት ያንኑ መንገድ ሄዷል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ዕቃውን ለሚልክልዎት ሰው የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ብቻ ሳይሆን የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ይላኩለት። ታይሮድ ወይም ክንድ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ይታይ፤ አለበለዚያ አዲስ ጎማ ባልተጠበቀ ጊዜ በአንድ ጎኑ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምናገረው ስለ ጎሚኒ አገጣጠም ነው፤ ብዙ ቦታ ሲታለፍ ስላየሁ። በአብዛኞቹ መኪኖች የክንድ ጎሚኒ መሃሉ ላይ ያለው የብረት ቱቦ በብሎኑ ተጠፍሮ አይዞርም፤ ክንዱ ሲነሳና ሲወርድ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። መካኒኩ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ካጠበቀው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይጀምራል። በዚህ ላይ ኮረኮንቹ ሲጨመር አዲሱ ጎሚኒ ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል፤ ባለመኪናውም ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ነጋዴውን ያማል። ትክክሉ ብሎኑን ለቀቅ አድርጎ አስገብቶ፣ መኪናውን በጎማው መሬት ላይ አውርዶ፣ ጥጉን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ከለቀቁ በኋላ ማጥበቅ ነው። ሲሠራ እዚያው ይቁሙና ይህንን ይጠይቁ፤ ደህና ባለሙያ አይቆጣም።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት መካኒኩን ከጎንዎ አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ድምፁን በሰሙበት መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ መስኮቱን ከፍተው ይንዱ። እኔ የሰፈሬን ኮረኮንች እስክደርስ ድረስ አልከፍልም። ሊንኳ የተቀየረች ዕለት ያንን መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ የሚሰማው የጎማውና የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነበር።